ቁልፍ ለተጫኑ ሰዎች የተላከ ሽማግሌ

ናይሮቢ፣ መስከረም 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለመምህር ዓምደ ሚካኤል፤

አዲሱ ዓመት በጤና ገባልዎ? ጉልበትዎስ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት እሺ ይላል? እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ሰው ሁሉ በረደን ይላል፤ እንጦጦ ላደገች ልጅ ግን ይህ ብርድ አይባልም። በኢሜይል የምልክልዎ አማርኛ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ተርታ ሣጥን ብቻ እየሆነ ስላስቸገረዎ፣ ይህን በወረቀት ጽፌ ወደ አዲስ አበባ በሚበር ሰው እጅ ልኬአለሁ።

ጋሼ፣ ሥራ አገኘሁ። ድርጅቱ ኒውስሌተር ያዘጋጃል። ጋዜጣ አይደለም፤ በየሳምንቱ በኢሜይል የሚላክ፣ ለአንድ ሙያ ሰዎች ብቻ የሚጻፍ አጭር መጽሔት ነው። ለሆቴል ልብስ አጣቢዎች ኃላፊዎች አንድ አለን፤ ለአሳንሰር ጠጋኞች አንድ አለን። የእኔ ድርሻ ለውኃ ፓምፕና ለጉድጓድ ባለሙያዎች የሚላከው ነው። አንባቢው በነጻ ያገኘዋል፤ ድርጅቱ የሚኖረው ፓምፕና ቧንቧ ሻጮች በሚያወጡት ማስታወቂያ ነው።

የተቀጠርኩት ግን ለሙከራ ነው፤ ከጥቅምት መባቻ እስከ መጋቢት መጨረሻ። የወሰዱኝ ኢትዮጵያዊት ስለ ሆንኩ የአዲስ አበባን አንባቢ ታመጣለች ብለው ነው። ካመጣሁ እቀጠራለሁ፤ የሥራ ፈቃዴም ይታደሳል። ካላመጣሁ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስቆም ያዩኝ እርስዎ ነዎት።

ገንዘብ አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎ ስም ነው። ካስተማሯቸው ልጆች ብዙዎቹ ውኃ ሥራ ላይ እንደ ተሰማሩ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሲሰበሰቡም ኢሜይላቸውን እንደሚመዘግቡላቸው አጫውተውኝ ነበር። ያንን ቢልኩልኝ እንጀራዬን ሰጡኝ ማለት ነው።

ለእማዬ ሙከራ መሆኑን አይንገሩብኝ። ሥራ ያዘች ብቻ ይበሏት።

የእህትዎ ልጅ ሥርጉት


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥቅምት 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት፤

ከዚህ ዳገት እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው ዘመድ ሁሉ ሰላም ይልሻል። ጉልበቴ ወደ ላይ እሺ ይላል፤ የሚያስቸግረኝ ቁልቁለቱ ነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤ የገባኝንና ያልገባኝን ለየሁ። የገባኝ ሥራ ማግኘትሽ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርክልሽ። ያልገባኝ፣ በነጻ የሚሰጥ መጽሔት አንባቢ ለምን በልመና እንደሚገኝ ነው።

ስሞቹን እነሆ። ከማስታወሻዬ ስገለብጥ የተሳሳተ እንዳይኖር ብዬ ሲግናል ሰፈር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ወርጄ ለእያንዳንዱ የሰላምታ መልእክት ላክሁ። የቤቱን ሥራ የምትሠራው ማርቲ የምትባል ልጅ አጠገቤ ቆማ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሰው አንድ ላይ መላክ ይቻላል እኮ» አለችኝ። አንድ ላይ ሰላም የሚባል ሰው ሰላም እንደ ተባለ አያውቅም አልኳት። ሳቀች። የተመለሱብኝን አድራሻዎች ጠይቄ አስተካክያለሁ። የራሴንም መጨረሻ ላይ ጨምሬአለሁ፤ የምትጽፊውን ማንበብ እፈልጋለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለእነዚህ ሰዎች ከመላክሽ በፊት «ልላክላችሁ ወይ?» ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ? እኔ አድራሻቸውን የያዝኩት ለለቅሶና ለሠርግ ጥሪ ነው። ለሌላ ጉዳይ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው።

እናትሽ የሺሃረግ «ልጄ የምትጽፈው ለሊቃውንት ነው» እያለች የእንጦጦ ማርያምን ሰበካ አዳርሳለች። ሙከራ የሚለው ቃል ከእኔ አፍ አልወጣም።

አጎትሽ ዓምደ ሚካኤል


ናይሮቢ፣ ኅዳር 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

እድሜና ጤና ይስጥልኝ እያልኩ እጀምራለሁ፤ ከዚህ በላይ የምመርቅበት ቃል አጣሁ። ስሞቹ ደርሰውኛል። አለቃዬ ዝርዝሩን አይቶ «አንድም አድራሻ አልተሳሳተም፤ ይህን የሠራው ማን ነው?» አለ። አጎቴ ነው አልኩት። በማግሥቱ ወንበሬን ከመተላለፊያው አንሥተው መስኮት አጠገብ አደረጉልኝ።

አሁን ግን ተጨንቄአለሁ። በኢሜይል ገጽ ላይ፣ ያልፈለጉት ነገር ሲመጣ ሰዎች የሚጫኑት ቁልፍ አለ። «ስፓም» ይሉታል፤ የማይፈለግ ደብዳቤ ማለት ነው። አንድ ሰው ያንን ሲጫን ደብዳቤውን መጣል ብቻ አይደለም፤ ክስ ነው። ክሱ የኢሜይል አገልግሎቱን ለሚሰጠው ድርጅት ይደርሳል፤ እነሱም ማን እንደ ከሰሰ ለእኛ ያሳውቃሉ። ከሺህ ደብዳቤ ከአንድ በላይ ክስ ከመጣ የድርጅታችን ደብዳቤ ሁሉ በያለበት ይታገዳል፤ የአሳንሰሩም የልብስ አጣቢውም ጭምር።

ከአዲስ አበባ የመጣው ክስ ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው። አለቃዬ «ይህ ካልቆመ የአዲስ አበባው ዝርዝር ይዘጋል» ብሎኛል። ዝርዝሩ ከተዘጋ የእኔም ነገር አበቃ ማለት ነው። የከሳሾቹን ስም ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሲያዩት ያዝናሉ፤ ሁሉም የእርስዎ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያለው አዱኛ ነው። ቢንያምና ጫልቱም አሉበት።

ሲያገኟቸው አንድ ቃል ቢናገሩልኝ? አውቀው እኔን ለመጉዳት እንዳላደረጉት ይገባኛል።

ሥርጉትዎ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት፤

የልደት ጾም ወደ ማለቁ ነው፤ በሰላም ያስፈታሽ። የዘገየሁት ጉዳዩን ዳር ሳላደርስ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ «ክስ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ክሱ የቀረበው ለየትኛው ዳኛ ነው? ቀጠሮውስ መቼ ነው? ማርቲን ብጠይቃት «ጋሼ፣ ዳኛ የለውም፤ ማሽን ነው የሚቆጥረው» አለችኝ። ዳኛ የሌለው ክስ በእኛ ሰፈር የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። ስለዚህ ሦስት ሆንን፦ እኔ፣ የእንጦጦ ማርያሙ ቄስ ወልደ ኢየሱስ፣ ለፕሮቴስታንቶቹ ደግሞ ጎረቤቴ አቶ ገመዳ።

እሑድ ጧት መጀመሪያ የሄድነው ሲግናል አዱኛ ቤት ነው። በሩን የከፈተችው ባለቤቱ ናት። ሦስት ሽማግሌ ካፖርት ለብሶ፣ አንዱ መስቀል ይዞ ስታይ ደነገጠችና አብራቸው የምትኖረውን እህቷን «ሰርክ! ወደ ጓዳ ግቢ!» አለቻት። አዱኛ ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ።

«ጋሼ፣ ምነው ሳትነግሩን! ልጅቷ እኮ ትምህርቷን አልጨረሰችም።»

«ለጋብቻ አልመጣንም» አልኩት።

ከጓዳ «ተመስገን!» የሚል ድምፅ ሰማን።

«ታዲያ ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበትን እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ቄስ ወልደ ኢየሱስ።

«ክስ አቅርበህብናል» አልኩት። «በእህቴ ልጅ ላይ፣ በኅዳር ወር፣ በኢንተርኔት።»

«ስፓሙን ነው? ጋሼ ይሙቱ፣ እኔ ማንንም አልከሰስኩም። ቁልፍ ነው የተጫንኩት!»

«ቃታ ስቦ አልተኮስኩም የሚልም አለ» አሉ አቶ ገመዳ።

«የፓምፑ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ከፓምፑ ኋላ የጄኔሬተር ይመጣል፤ ከጄኔሬተሩ ኋላ የሆቴል። ባለፈው ደግሞ ‹ውድ አዱኛ፣ የአሳንሰርህን ገመድ ካስመረመርክ ስንት ጊዜ ሆነህ?› አለኝ። ቤቴ እኮ ፎቅ የለውም!»

«ከታች ‹ይቁምልኝ› የሚል አለ ይላሉ። ለምን እሱን አልተጫንክም?»

«ተጫንኩት። ምሳ በልተን ስንመለስም ገጹ ገና እየተከፈተ ነበር።»

ባለቤቱ «ኧረ በማርያም ተቀመጡ፤ እንግዳ አቁማችሁ ታስተናግዳላችሁ ተብለን እንታማ?» ብላ ወንበር ታንቀሳቅሳለች፤ እኛ ቆመናል። በመጨረሻ እሺ አለ። ቃሉን ሰጥቶ መስቀል ተሳለመ፤ ተቀመጥን። «ድንጋይ ተሸክማችሁ ባለመምጣታችሁ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሳቀ።

ያስገባናቸው ቃል ሁለት ነው። አንደኛው ያንን ቁልፍ እንዳይጫኑ። ሁለተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የመጣላቸውን ሳያነቡ እንዳይጥሉ። ደብዳቤ ሳይነበብ አይጣልም፤ ክፍል ውስጥም ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። በየእሑዱ እየዞርን ጨረስናቸው። ቢንያም ፊት ለፊታችን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሣ «እሺ ጋሼ» አለ። ጫልቱ ከአቶ ገመዳ ጋር ጸልያ ስታበቃ «ለጌታ ብዬ ሳይሆን ለጋሼ ብዬ ነው» አለች። ብትገሠጽም አልመለሰችውም።

አሁን የራሴ። የላክሽው መጽሔት ሦስተኛ ቁጥር ላይ፣ ፓምፕ ከላይ ሆኖ በመሳብ ብቻ ውኃን እስከ አሥር ሜትር ያወጣል ይላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን እንኳ በስሌት ነው እንጂ በሥራ አይገኝም፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ስምንት ሜትርም አይሞላም። ይህን በእንግሊዝኛ ጽፌ መልስ ላክሁ። ወዲያው «ይህን አድራሻ የሚያነብ ሰው የለም» የሚል መልስ መጣልኝ። የሚያነብ ከሌለ መልሱን ማን ጻፈው? በስሜ እየጠራ የሚጽፍልኝ፣ እኔ ስጽፍለት የማያነብ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ለባለፈው ጥያቄዬም መልስ ስላላገኘሁ እደግመዋለሁ፦ ከመላክሽ በፊት ጠይቀሻቸው ነበር?

አጎትሽ ዓምደ ሚካኤል


ናይሮቢ፣ ጥር 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለውለታዬ ለአጎቴ፤

የጥምቀቱ በረከት ይድረስዎ። ጋሼ፣ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? በታኅሣሥ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የመጣ ክስ የለም። በጥርም የለም። አንድም! አለቃዬ በመጀመሪያ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ አስመረመረ። ከዚያ አንባቢዎቹ ደብዳቤውን ሁሉ እንደሚከፍቱት አየ። በየትኛውም ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። «ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ። ሽማግሌ ልከን ነው የሚለውን እንዴት ብዬ ልተርጉምለት? «አጎቴ አነጋግሯቸው ነው» አልኩት። «አዲስ አበባ ወዶናል ማለት ነው» ብሎ የከተማውን ስም ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ስለዚህ አሁን ያሉን ኒውስሌተሮች በሙሉ ለአዲስ አበባ እንዲላኩ ተወስኗል። በሳምንት አንድ መሆኑም ቀርቶ በየቀኑ ይሆናል። የሚቃወም ከሌለ ምን ያግደናል ነው የሚለው። እኔ እንደሱ ባይሆን ብዬ ነበር፤ ድምፄን ግን ከፍ አላደረግሁም።

ደግሞም የሒሳብ ሠራተኞችና የነርሶች አድራሻ ይፈለጋል። ያስተማሯቸው ካሉ በሽማግሌም ጭምር ቢያስጨርሱልኝ? ሙከራዬ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። እማዬ በስልክ «ሊቃውንቱ እንዴት ናቸው?» ትለኛለች፤ ደኅና ናቸው እላታለሁ።

ሥርጉትዎ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መጋቢት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለሥርጉት፤

ጾሙን በብርታት ያስፈጽምሽ። ብዙ ዘገየሁ። ልጽፍ እየተነሣሁ ምን እንደምጽፍ ግራ እየገባኝ ወረቀቱን ስንት ጊዜ አጠፍኩት።

ከየካቲት ጀምሮ ተማሪዎቼ ራቁኝ። በመጀመሪያ ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኩ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነበረ መምህር ዐርፎ ለቅሶ ስንቀመጥ፣ አዱኛ ከሩቅ አየኝና ድንኳኑን ዞሮ በሌላው በኩል ገባ። እኔ ምን አድርጌው ነው ብዬ ቀብሩ ላይ እንኳ ሐሳቤ አልተሰበሰበም። ቁልፉን መጫን አቁመዋል፤ አንቺም ደስ ብሎሻል። ሁሉም ነገር እንደታሰበው ከሆነ ይህ ኩርፊያ ከየት መጣ?

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ስጠብቅ ጫልቱ መጣች። እሷ ዝም አትልም።

«ጋሼ፣ ኢሜይሌን ከፍቼ መዝጋት አቅቶኛል» አለችኝ። «በቀን ስንት እንደሚመጣልኝ ልንገርዎ? ስለ አንሶላ ማጠቢያ ሳሙና ሳነብ እውላለሁ። አንብቡ ብላችሁናላ!»

«ይህን ያህል ነው እንዴ?»

«እንዴት አይበዛ? መቃወማችን በቃል ታስሯል፤ ሰው ያልጮኸበት ቤት ሌባ ይደፍረዋል። የእኔስ ቀልድ ነው። ቢንያምን አላዩትም?»

አላየሁትም አልኩ። ከዚያ ነገረችኝ። ቢንያም ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር አመልክቶ ነበር። አንቺ ካወቅሽው ጊዜ ጀምሮ ሲመኘው የነበረው ነው። የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ሣጥን ጠባብ ናት። ሳያነቡ አትጣሉ ስላልኩ አልጣለም፤ ለማንበብ ደግሞ ጊዜ አላገኘም። ሣጥኗ ሞላች። ትምህርት ቤቱ «ተቀብለንሃል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ስጥ» ብሎ ጻፈለት። ደብዳቤው ሣጥኑ ሞልቷል ተብሎ ተመለሰ። ደግመው ላኩ፤ ተመለሰ። መልስ ባጡ ጊዜ ቦታውን ለሌላ ሰጡ። እሱ ያወቀው ስልክ ደውሎ ሲጠይቅ ነው።

«ለምን መጥቶ አልነገረኝም?» አልኳት።

«ምን ብሎ? ቃሌን ስለ ጠበቅሁ ተጎዳሁ ብሎ?»

ታክሲው መጣ፤ እኔ ግን ሳልሳፈር ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሁለተኛውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቄስ ወልደ ኢየሱስን አማከርኩ። በሽማግሌ የታሰረ በሽማግሌ ይፈታል አሉ፤ መስቀል ያሳለሟቸውንም በመስቀል ይፈቷቸዋል። ከሆሣዕና በፊት መሆን አለበት፤ በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም የለም። ይህ የሙከራሽ መጨረሻ እንደሚሆን አውቃለሁ። የምትይው ካለ ቶሎ ጻፊልኝ። የሒሳብ ሠራተኞቹንና የነርሶቹን አድራሻ አልልክልሽም።

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ጠይቀሻቸው ነበር?

ዓምደ ሚካኤል


ናይሮቢ፣ መጋቢት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬ ስለምጀምር ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን የሚያደርስልኝ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ስለ ቢንያም ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እውነቱን ነው የምልዎ። ነገር ግን የሆነው ሆኗል፤ ዛሬ ቢፈቷቸው የእሱ ቦታ አይመለስም። የእኔ ገና አልጠፋም። የቅጥር ወረቀቴ በወሩ መጨረሻ ይፈረማል። የቀረው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነው። ፋሲካ አልፎ በማግሥቱ ይፍቷቸው፤ ያን ጊዜ ሺህ ጊዜ ይጫኑት። አንድ ጊዜ ከተፈረመ በቀላሉ አያስወጡኝም።

ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ጋሼ። ስለ እማዬ ብለው።

ሥርጉት


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መጋቢት 26 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት፤

በሕማማት ሰላምታ ስለሌለ ያለ ሰላምታ እጽፋለሁ። ሌላ ትርጉም አትስጪው።

ደብዳቤሽ ዓርብ ዕለት ደረሰኝ። ኪሴ ከትቼ የእንጦጦን መንገድ ይዤ ወደ ላይ ሄድኩ። እናትሽ ደጅ ላይ ሆና ቄጤማ ታስተካክል ነበር። ልነግራት ሄጄ ሳልነግራት ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ብዙ አይደለም፤ ያንን ሳስብ ዋልኩ። ነገር ግን ቢንያምም የተሰጠው ሁለት ሳምንት ነበር። እሱን ያሳለፈበት የእኔ ቃል ነው። ያንኑ ቃል ይጎዳል ብዬ ካወቅሁ በኋላ ለአንቺ ስል ባቆየው፣ ከእንግዲህ የማቆየው በስሕተት አይሆንም።

ቅዳሜ ሦስታችንም ወጣን። አዱኛ ቤት ስንደርስ ባለቤቱ «ደግሞ ምን አድርጎ ነው?» አለች። «እኛ ነን ያደረግነው» አልኳት። ቄስ ወልደ ኢየሱስ መስቀላቸውን አውጥተው «ካስገባንህ ቃል ፈተንሃል» አሉት። «ልጫን ማለት ነው?» አለኝ። ተጫን አላልኩም፤ አትጫንም አላልኩም። እንደ ፈቃድህ አልኩት። ለሁሉም ያልኩት ይህንኑ ነው። የመጨረሻው ቢንያም ነበር። ሳይቀመጥ ሰማኝ። «ጋሼ፣ የፓምፑን ወድጄው ነበር እኮ» አለ። እኔም ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ፤ ቆሜ ረሳሁት።

ከዚያ ወደ ማርቲ ዘንድ ወረድኩ። እነሱን ፈትቼ እኔ ተደብቄ መቅረት አይገባም። ገጹን ከፍቼ በየሳምንቱ የፈለግሁትን፣ አሁን ግን በየቀኑ የሚመጣውን መጽሔትሽን እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ። ደብዳቤው ጠፋ። ማሽኑ እናመሰግናለን አለኝ። ጠበቅሁ። «ምን ትጠብቃለህ ጋሼ?» አለችኝ ማርቲ፤ ስትደነግጥ አንተ ትለኛለች። ምክንያቱን እስኪጠይቁኝ አልኳት። «አይጠይቁም» አለች። ክስ ተቀብሎ ምክንያት የማይጠይቅ እንዴት ያለ ሸንጎ ነው? እኔ በወረቀት ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር። የሚቀበለኝ ስላጣሁ ለአንቺ ልኬዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳልጠየቅ ስለ ተላከልኝ።»

በአንቺ ላይ ያደረግሁትን አውቃለሁ። በሬ ክፍት ነው።

አጎትሽ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምህር ዓምደ ሚካኤል፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ፤ ዘግይቼም ቢሆን።

ተቀይሜዎት ነበር። ደብዳቤዎን ከፍቼ ዘግቼ፣ ለብዙ ቀን ወደ ስልክ ቤት እየሄድኩ ሳልደውል ተመልሻለሁ።

ክሱ የመጣው በአንድ ላይ ነው። አለቃዬ ዝርዝሩን አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ከሁሉም በላይ የእርስዎ አድራሻ ነበር። «ይህ ሰው ማን ነው?» አለኝ። «ዝርዝሩን የሰጠን ሰው ነው» አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። ከዚያ የላኩልኝን ዓረፍተ ነገር ተርጉሜ ሰጠሁት። የከተማውን ስም ከግድግዳው ላይ ራሱ አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

የአዲስ አበባው ዝርዝር ተሰርዟል። የቅጥር ወረቀቴ አልተፈረመም፤ አልተባረርኩምም። ሙከራው እስከ ሐምሌ ይቀጥል ብለዋል። ቅጣት ይሁን ምሕረት እኔም አልገባኝም፤ የምጠይቀው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይለኛል። ወንበሬ ግን መተላለፊያው ላይ ተመልሷል።

ለእማዬ ደውዬ ገና ሙከራ ላይ እንደ ሆንኩ ነገርኳት። «ለካህናቱ ሁሉ አውርቼ! አሁን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?» አለች። ከዚያ መብላቴን ጠየቀችኝ።

ሦስት ጊዜ የጠየቁኝን ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ። መልሱ ይኸው፦ አልጠየቅኋቸውም። አለቃዬ አያስፈልግም ብሎኝ ነበር፤ ግን በእሱ አላሳብብም። ብጠይቃቸው እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

አሁን ለእያንዳንዳቸው፣ አንድ በአንድ፣ በስማቸው እየጻፍኩ ነው። ስለ ሆነው ነገር ይቅርታ ጠይቄ፣ የፓምፑ ብቻ በሳምንት አንድ ጊዜ ይላክላችሁ ወይ እላለሁ። ዝም ያለ ሰው እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። እሺ ያሉኝ በአንድ እጅ ጣት ያልቃሉ። ጫልቱ «ሳሙና ከሌለበት እሺ» ብላለች። ቢንያም እስካሁን ዝም ነው፤ እሱን ደግሜ አልጠይቀውም።

የእርስዎን ግን በኢሜይል ላደርገው አልፈለግሁም። ጋሼ፣ እንዲላክልዎ ይፈልጋሉ?

ሥርጉት


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ግንቦት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት፤

እግዚአብሔር ሥራሽንም ልብሽንም ያጽናልሽ።

ቢንያም ለዳግም ትንሣኤ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። እንደገና ለማመልከት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ አለኝ፤ ጻፍኩለት። ስለ ሌላው እሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ሲወጣ ግን «መልሱን በየትኛው አድራሻ ይላኩልህ ልበላቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «በአዲስ» አለኝ። አድራሻውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ተጠይቄአለሁና እመልሳለሁ። ይላክልኝ።

ሦስተኛው ቁጥር ላይ ያለው አሥር ሜትር ግን ይታረም። ማረሚያውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ የሚያነበው ሰው ካለ።

አጎትሽ ዓምደ ሚካኤል